በአይዳ አንጻር የቆመችው ልዕልት



እናንተ የየካ ነዋሪዎችና የቴአትርና የዜማ ወጣቶች ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተሰበሰበው በዚህ ጉባኤያችሁ ፊት ቆሜ ስለ ሙዚቃዊ ቴአትር እንድናገር ጋብዛችሁኛል። የንግግሩን አርእስት እኔው እንድመርጥ ፈቃድ ስለ ሰጣችሁኝም፣ ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚናገርላቸው ከዋናዎቹ ባለታሪኮች ፊቴን መልሼ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ከጎን ስለሚቆመው፣ መጋረጃው ሲዘጋም ስሙ በሁለተኛ ተራ ስለሚጠራው ሰው ልናገር ወስኛለሁ፤ ከእነዚህም መካከል አንዲቱን፣ «አይዳ» በተባለው ኦፔራ ውስጥ በኢትዮጵያዊቷ ልዕልት በአይዳ አንጻር የቆመችውን የግብጽ ንጉሥ ልጅ አምኔሪስን መርጫለሁ።

የነገሬ ሥር አንድ ነውና እሱን ገና ከጅምሩ ልናገረው፣ ኋላም ደጋግሜ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። በአንጻር የቆመ ገጸ ባሕርይ ዋናውን ሰው የሚያሳየን ክፉ በመሆኑ አይደለም፤ ዋናው ሰው ሊያደርገው የማይችለውን ስለሚያደርግ፣ ሊናገረው ያልተፈቀደለትንም ስለሚናገር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ደራሲው የክፋት ማሳያ ብቻ አድርጎ የሠራው እንደ ሆነ፣ ያከበረው የመሰለውን ዋናውን ሰው ራሱን አብሮ ያሳንሰዋል።

በመጀመሪያ ሁላችን ከምናውቀው ልነሣ። ኑኃሚን ባሏንና ሁለቱን ልጆቿን በሞዓብ ምድር ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ሁለት ምራቶች ተከትለዋት ነበር። ሩትን የማያውቅ የለም፤ መጽሐፉም በስሟ ይጠራል። ዖርፋን ግን ስንቶቻችን ቆም ብለን አስበናት እናውቃለን? ዖርፋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ከአማቷ ጋር መንገድ ጀምራለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልቅሳለች፤ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላም ነበር። ኑኃሚን ደግማ በለመነቻት ጊዜ ግን አማቷን ስማ ወደ ወገኖቿ ተመለሰች። ያደረገችው እኛም ብንሆን የምናደርገውን ነው፤ መጽሐፉም አንዲት የነቀፋ ቃል አልጨመረባትም። ነገር ግን ዖርፋ ስማ ባትመለስ ኖሮ የሩትን አለመመለስ በምን ሚዛን እንመዝነው ነበር? ሁለቱም ቢሄዱ ነገሩ የቤተ ሰብ ጉዞ ሆኖ ይቀር ነበር። አስተዋይዋና ደጊቱ ዖርፋ በመንገዱ ላይ ፊቷን ስትመልስ ነው ሩት የሄደችበት ነገር ከአስተዋይነትና ከደግነት በላይ እንደ ሆነ የምናየው።

የኬጢያዊው የኦርዮም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት በመድረኩ ላይ የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን በአርእስቱ ላይ ማኖሩ ለዛሬው ነገራችን መልካም ምስክር ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል እንደሚነግረን፣ ንጉሡ ዳዊት በወታደሩ ሚስት ላይ የሠራውን በደል ሊሸፍን ፈልጎ ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ሚስቱ እንዲገባ ቢያባብለው፣ እርሱ ግን ታቦቱና ወንድሞቹ በድንኳን ሰፍረው ሳለ እኔ በቤቴ አልተኛም ብሎ በንጉሡ ደጅ ከአሽከሮች ጋር አደረ። ነቢዩ ናታን በምሳሌ ከመገሠጹ አስቀድሞ የዳዊትን በደል የገለጠው የዚያ ወታደር በደጅ ማደር ነው። ኦርዮ ንጉሡን አልከሰሰም፤ አላወቀምም፤ ራሱን ሆኖ ማደሩ ብቻ በቃ።

እንግዲህ ወደ አይዳ ልለፍ። አይዳ የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሰፈራችን አይዳ የሚባሉ ሴቶች ልጆች አሉን፤ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥም አንዳንድ ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ። ኦፔራው የተጻፈው የግብጽ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ለካይሮ አዲስ ኦፔራ ቤት አዲስ ሥራ እንዲሠራለት በመፈለጉ ነው። የታሪኩን ንድፍ ያወጣው የግብጽን ጥንታዊ ቅርስ የመረመረው ፈረንሳዊ ሊቅ ኦጉስት ማርዬት፣ ግጥሙን ያዘጋጀው አንቶንዮ ጊስላንዞኒ፣ ዜማውን የደረሰው ጁሴፔ ቬርዲ ነው። አልባሳቱና የመድረኩ ጌጥ በፓሪስ ተሠርቶ ሳለ የፕሩስያ ጦር ከተማይቱን ከብቦ በመያዙ ሥራው ዘገየ፤ በመጨረሻም በታኅሣሥ ወር 1864 ዓ.ም. በካይሮ ታየ፤ ከወር ተኩል በኋላ ደግሞ በሚላኖ።

ይህን ዘመን ልብ በሉልኝ። በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. በካይሮ መድረክ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ የተሰየመ ሰው በመለከት ድምፅ መካከል እጁን ታስሮ ሲያልፍ ታየ፤ በተከታዩ ወር በጥር ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም ጽዮን ዘውድ ደፉ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ያው ኬዲቭ እስማኤል በመድረክ ያየውን በምድር ሊያየው ወድዶ ሠራዊቱን ወደ ሰሜን አገራችን ሰደደ፤ በጉንደትም በጉራም ድል ሆነ። ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ቀና ብንል በምናየው በእንጦጦ ላይ ደግሞ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ነገሡ፤ ከአድዋ ድል በኋላም የታላላቆቹ መንግሥታት መልእክተኞች መጥተው ከዚሁ ተራራ ግርጌ ሰፈሩ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ብለን የምንጠራው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ የየካ ሰው ሌላው ዓለም በመድረኩ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሣለውን ሥዕል ለመመርመር ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው እላለሁ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ቁጣችሁን ለመቀስቀስ አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ኦፔራ ሲያይ ልቡ አስቀድሞ ከአይዳ ጋር ይቀመጣል፤ ወገኑ ናትና። አምኔሪስም የማራኪው ንጉሥ ልጅ ስለ ሆነች ገና አፏን ሳትከፍት ይፈርድባታል። ወዳጆቼ፣ ይህን ፍርድ ለጥቂት ጊዜ እንድታቆዩልኝ እለምናችኋለሁ። ቬርዲ የሁለቱን ሴቶች ነገር የሠራው ከሁለቱ መንግሥታት ጠብ ይልቅ በጠለቀ ጥበብ ነውና።

የኦፔራው መሠረት አይዳ ማንነቷን መደበቋ ነው። በሜምፊስ ቤተ መንግሥት የአምኔሪስ ደንገጡር ሆና የምታገለግለው ምርኮኛ የኢትዮጵያው ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ መሆኗን ማንም አያውቅም፤ ቢታወቅ ትጠፋለች። የግብጽን ጦር አዛዥ ራዳሜስን ትወዳለች፤ ይህም ቢታወቅ ትጠፋለች። እንግዲህ አስቡት፤ ዋናዪቱ ባለታሪክ አገሯንም ፍቅሯንም በግልጥ ልትናገር የማትችል ሴት ናት። አደባባይ ስትወጣ አንገቷን ትደፋለች፤ ልቧን የምትከፍተው ብቻዋን ስትቀር ነው። ታዲያ ሦስት ሰዓት በሚጠጋ ዝማሬ ውስጥ ፍቅርና ቅንዓት በአደባባይ በማን አፍ ይነገር? በአምኔሪስ አፍ ነው። እርስዋም ራዳሜስን ትወዳለች፤ የንጉሥ ልጅ ናትና ለመውደድ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም። አይዳ የምትውጠውን አምኔሪስ ትጮኸዋለች። እንዲህ ስለ ሆነ ተመልካቹ የአይዳ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ከአምኔሪስ ጩኸት ነው።

ድምፃቸውም በዚሁ ሥርዐት ተከፍሏል። የአይዳ ድምፅ ከፍ ያለው የሴት ድምፅ ሶፕራኖ ነው፤ የአምኔሪስ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሚወፍረው ሜዞ ሶፕራኖ። በኅዳር ሚካኤል ሌሊት በየካ ሚካኤል ማኅሌት የቆማችሁ ይህን በጆሮአችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀኝ ጌታው ከነወገኑ ሲያነሣ፣ ግራ ጌታው ከነወገኑ ተቀብሎ ሲመልስ፣ ግራው የተቀመጠው ቀኙን ለማሸነፍ አይደለም፤ አንዱ ያላነሣውን ሌላው ሊቀበል አይችልም፤ ሌላው ካልተቀበለውም የፊተኛው ዜማ ሳይሞላ ይቀራል። አምኔሪስ የዚህ ኦፔራ ግራ ወገን ናት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ገቢር መክፈቻ እንግባ። ከኢትዮጵያ ጋር የተደረገው ጦርነት በግብጽ ድል ተፈጽሟል፤ አምኔሪስ በእልፍኟ ተቀምጣ አገልጋዮቿ ለበዓሉ ያስጌጧታል። አይዳን ታስጠራታለች። ቀድሞ እኅቴ ብላ አባብላታለች፤ ዛሬ ደግሞ ልትፈትናት ራዳሜስ በጦርነቱ ሞቷል ብላ የሐሰት ወሬ ትነግራታለች። አይዳ ታለቅሳለች። ወዲያው ዋሽቼሻለሁ፣ በሕይወት አለ ትላታለች፤ አይዳም ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። በአንድ የእንባና በአንድ የደስታ ቅጽበት ምሥጢሩ ወጣ። አምኔሪስ ባላጋራሽ እኔ የፈርዖን ልጅ ነኝ ብላ ስትነሣባት፣ አይዳ እኔም የንጉሥ ልጅ ነኝ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ትመልሰዋለች።

ይህን ትዕይንት ብዙዎች የአምኔሪስ የጭካኔ ማስረጃ አድርገው ያዩታል። ጭካኔ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሁለቱም በዚያ እልፍኝ ውስጥ ይዋሻሉ፤ አንዲቱ ብትገለጥ ስለምትሞት፣ ሁለተኛይቱ የምትወደው ሰው እንደማይወዳት ስለ ጠረጠረች። በሥልጣን ሁሉ ላይ ያለች ሴት አንድ እውነት ለማግኘት ከገረዷ ፊት መዋሸት የሚያስፈልጋት መሆኑ፣ ሥልጣኗ ለልቧ ምንም እንዳላስገኘላት ያሳያል። አይዳ ነፃነት የላትም፤ ፍቅር ግን አላት። አምኔሪስ ሁሉ አላት፤ ያ አንድ ነገር ብቻ የላትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው የአንዳቸውንም ድህነት አያውቅም።

ሦስተኛው ገቢር በዓባይ ዳር በሌሊት ይጀምራል። አምኔሪስ ከራዳሜስ ጋር በምትፈጽመው ሠርጓ ዋዜማ ልትጸልይ ወደ ቤተ ጣዖቱ ትገባለች። በውጭ አይዳ ዳግመኛ ስለማታያት አገሯ ታዜማለች። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ግድግዳ ለይቷቸው፣ አንዲቱ የወደደችው እንዲወዳት፣ ሁለተኛይቱ አገሯን እንድታይ ይለምናሉ፤ የሁለቱም ልመና አልተሰማም። ከዚህ በኋላ ተማርኮ የመጣው አሞናስሮ ልጁን አስገድዶ የጦሩን መንገድ ከራዳሜስ እንድታወጣ ያደርጋታል፤ ራዳሜስም ምሥጢሩን ይናገራል፤ አምኔሪስ ከቤተ ጣዖቱ ወጥታ ከሃዲ ብላ ትጮኻለች። አሞናስሮ ጩቤውን መዝዞ ሊወጋት ሲሮጥ በመካከል ገብቶ ያዳናት ራዳሜስ ነው። ያጋለጠችውን ሴት፣ የተጋለጠው ሰው ከሞት አዳናት። ሸሽቶ ማምለጥ ሲችልም ቆሞ ሰይፉን ለካህናቱ ሰጠ።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ለእናንተም ለቴአትር ተማሪዎች አጥንታችሁ እንድትይዙት አደራ የምለው አራተኛውን ገቢር ነው፤ የዚህ ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት እንዳለ የአምኔሪስ ነው። አይዳ በመድረኩ ላይ የለችም። ራዳሜስ ወደ ፍርድ ሊወርድ ሲል አምኔሪስ አስጠርታ ትለምነዋለች፤ አይዳን ተዋት፣ እኔ አድንሃለሁ ትለዋለች። እርሱም እምቢ ይላል። ከዚያ ካህናቱ ከምድር በታች ወዳለው የፍርድ ስፍራ ይወርዳሉ፤ ሊቀ ካህናቱ ራምፊስ ሦስት ጊዜ ክሱን እያነበበ መልስ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ራዳሜስ ሦስት ጊዜም ዝም ይላል። እኛ ራዳሜስን አናየውም። የምናየው ከላይ ቆማ የምትሰማውን ሴት ነው። በእያንዳንዱ ዝምታ ላይ የእርስዋ ጩኸት ይወድቃል፤ ከነሕይወቱ እንዲቀበር ሲፈረድበትም ከታች የሚወጡትን ካህናት ደም የማይበቃችሁ ብላ ትረግማቸዋለች። የግብጽ ንጉሥ ልጅ በግብጽ ካህናት ላይ ትነሣለች። ይህን ፍርድ ያመጣችው ግን እርስዋው ራስዋ ናት፤ ይህንንም ታውቃለች።

እዚህ ላይ የነገሬን ሥር ደግሜ ላንሣው። ደራሲዎቹ አምኔሪስን በሦስተኛው ገቢር፣ ከሃዲ ብላ በጮኸችበት ቦታ፣ ትተዋት ቢሄዱ ኖሮ ክፉ ሴት ሆና በቀረች፣ የአይዳም ሞት የአንዲት የተጠቃች ልጅ ሞት ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ያደረገችውን እንድታየው አቆሟት። በመጨረሻው ትዕይንት መድረኩ በሁለት ይከፈላል፤ በታች መቃብሩ፣ በላይ የቤተ ጣዖቱ አዳራሽ። አይዳ አስቀድማ ገብታ በመቃብሩ ተደብቃ ቆይታለች፤ ከራዳሜስ ጋር ለመሞት በፈቃዷ መርጣለች። በላይ አምኔሪስ የኀዘን ልብስ ለብሳ በድንጋዩ ላይ ለሞተው ሰላም ትለምናለች። አይዳ መሞትን መምረጥ ቻለች፤ አምኔሪስ እንድትኖር ተፈረደባት። የአይዳ ምርጫ ነፃነት መሆኑን የምናውቀው ከላይ ያለችው፣ ከእስር ሁሉ ነፃ የሆነችው ሴት፣ ምንም ምርጫ እንደሌላት ስናይ ነው።

የአይዳን ክፍል ካዜሙት መካከል ስሟ የገነነ አሜሪካዊቷ ጥቁር ዘማሪት ሊዮንቲን ፕራይስ ናት። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከመድረክ የተሰናበተችው በዚሁ ክፍል ሲሆን ወሩም ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ነበር። ሰባ ሰባት ለኢትዮጵያዊ ምን ዓመት እንደ ሆነ በዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዚያ ወር የኢትዮጵያይቱ ልዕልት ስለ አገሯ የምታዜመው ዜማ በታላቅ ጭብጨባ ሲታጀብ፣ አገሪቱ ራሷ በራብ ላይ ነበረች።

ይህች ዘማሪት የአይዳን ታሪክ ለሕፃናት በመጽሐፍ ተርካዋለች፤ ከዚያም መጽሐፍ ተነሥቶ ኤልተን ጆን ዜማውን፣ ቲም ራይስ ግጥሙን የደረሱለት ሙዚቃዊ ቴአትር በመጋቢት ወር 1992 ዓ.ም. በብሮድዌይ ታየ፤ ከአራት ዓመት በላይም በመድረክ ቆየ። በዚህ ቴአትር አይዳ ኢትዮጵያዊት መሆኗ ቀርቶ የኑብያ ልዕልት ሆናለች። በዚህ ብናዝን አግባብ ነው፤ ሆኖም ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለበት። ታሪኩን የሚጀምርልን በቤተ መዘክር ውስጥ የቆመችው አምኔሪስ ናት፤ በንዑስ ተራ የነበረችው ልዕልት ተራኪ ሆናለች። ስትጀምር ልብስና ጌጥ እንጂ ሌላ ነገር የማታስብ ትመስላለች፤ ስትጨርስ ግን ሁለቱ ፍቅረኞች በአንድ መቃብር እንዲቀበሩ የምትጠይቅ፣ ጦርነቱንም የምታቆም ገዥ ትሆናለች። ሌሎችም የአንጻር ሰዎች ተጨምረዋል። የራዳሜስ አገልጋይ የሆነውና በወንዛችን በመረብ ስም የሚጠራው ወጣት፣ ልዕልቲቱ ልትደብቀው የምትፈልገውን ማንነቷን እንድትቀበለው ይጎተጉታታል፤ ነኸብካ የተባለችው ምርኮኛ ደግሞ ወታደሮች አይዳን ሲፈልጉ አይዳ እኔ ነኝ ብላ ስለ እርስዋ ትሞታለች።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ፍርዴን ግን ሳልሸሽግ ልናገር። በአዲሱ ቴአትር ክፋቱ ወደ ራዳሜስ አባት ወደ ዞዘር ተዛውሯል፤ ንጉሡን የሚመርዘው እርሱ ነው። አምኔሪስ ንጹሕ ሆናለች። ንጹሕ በመሆኗ ኀዘኗ ቀለለ። የቬርዲዋ አምኔሪስ የወደደችውን ሰው በገዛ አፏ አሳልፋ የሰጠች ናትና የመጨረሻ ጸሎቷ ንስሓ ነው፤ የአዲሲቱ ጸሎት ርኅራኄ ነው። ርኅራኄ የሚወደድ ነገር ነው፤ ከአይዳ ፈቃደኛ ሞት ጋር ሊመዛዘን የሚችለው ግን ንስሓው ይመስለኛል።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ፤ አንዳንዶቻችሁ አይዳን በአማርኛ በመድረክ ለማሳየት እንደምትመኙ ሰምቻለሁና። በእኛ መድረክ ሁለተኛይቱን ሴት በመሳለቅ ሳቅና በተገላመጠ ዐይን ማስወጣት ልማድ ሆኗል፤ ተመልካቹም ገና ስትገባ ያወግዛታል። አምኔሪስን እንዲህ አድርጋችሁ እንዳታስወጧት። ከዘማሪዎቻችሁ መካከል የበረታችዋን ለእርስዋ ስጡ እንጂ፣ የተረፈችውን አትስጧት። በልምምድ ጊዜ ሁለቱ ሴቶች ክፍላቸውን ይለዋወጡ፤ አይዳ የምትሆነው ከፍርዱ ስፍራ በላይ ቆማ ሦስቱን ዝምታዎች ትስማ፤ አምኔሪስ የምትሆነውም እኔም የንጉሥ ልጅ ነኝ ልትል ደርሳ ቃሏን ትዋጥ። ዜማውን በአገራችን ቅኝት የምትደርሱት ከሆነ፣ ለአይዳ ትዝታን፣ ለአምኔሪስ ጆሮን ዕረፍት የሚነሣውን አንቺ ሆዬን ብትሞክሩ፣ ሁለቱ በአንድነት በሚያዜሙበት በእልፍኙ ትዕይንት ላይ የቅኝቱ ግጭት ራሱ ነገሩን ይናገርላችኋል ብዬ አምናለሁ። የመድረኩን ሁለት ፎቅ ለመሥራት ገንዘብ ባይኖራችሁ በሁለት ተራ የተደረደረ ጠንካራ ጠረጴዛ ይበቃል። ልምምዳችሁን ግን ከመጀመሪያው ገቢር አትጀምሩ፤ ከአራተኛው ጀምሩ፤ አምኔሪስ የት እንደምትደርስ ያላወቀች ተዋናይት፣ ከየት እንደምትነሣ ማወቅ አትችልምና።

 አሁን ደግሞ ይህን ክፍል በልምምድም ሆነ በመድረክ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄያችሁን ብቻ ሳይሆን ተቃውሞአችሁንም ለመስማት ዝግጁ ነኝ።